በመንገድ ማደር

ቅኔ መጀመሪያ ግጥም አልነበረም። የግእዙ ግሥ ቀነየ ነው፤ ገዛ፣ አሠራ፣ አስገበረ ማለት። ተቀንየ ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ ይላል። ቅኔም ከዚሁ ወጥቶ መገዛት፣ አገልግሎት፣ የጉልበት ሥራ ነበረ። አገልግሎቱ የእግዚአብሔር ሲሆን ቃሉ ቅኔ ማኅሌት ገባ፤ ከዚያ ጉባኤ ቃናና መወድስ የተባሉ ግጥሞች ሆኖ ወጣ። ወንድሙ ቅኝ ግን የቀድሞ ጠባዩን እንደያዘ ቀርቶ «ቅኝ ግዛት» ውስጥ ይኖራል። የቅኔ ሊቅ «ተቀኘ» ሲባልና ጣሊያን «ቅኝ ሊገዛ መጣ» ሲባል አንድ ግሥ ነው የሚረባው።

እንግዲህ ቅኔ ሊማር ከቤቱ የወጣ ልጅ፣ በቃሉ ጥንተ ትርጉም ከሄድን፣ ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ ነው። የዛሬ ወጣት ዓለምን እየዞርኩ እንጀራዬን እንዴት ላገኝ እችላለሁ ብሎ ይጠይቃል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ይህ ጥያቄ ከአስፋልቱም ከመኪናውም ይቀድማል። ግእዝና አማርኛ መሄድንና መኖርን አጥብቀው ለይተው አያውቁም ባይ ነኝ። ምስክሮቼ ቃላቱ ናቸው።

ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙ አይርቅም። አብዛኛው አንባቢ ስሙን የሚያውቀው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ከወጣው። ልቦለዱ የፈጠረው ስም ግን አይደለም፤ ዲማ ከልቦለዱ በፊት የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ አገር ነበረ፣ ተማሪውም ከሩቅ አገር በእግሩ እየመጣ ይሰፍርበት ነበር። ተማሪው የበግ ለምድ ደርቧል፤ አኮፋዳ አንግቷል፤ ለውሻው ዱላ ይዟል። ከአጥሩ ውጭ ይቆምና ድምፁን ጎተት አድርጎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ጥሪውን ያልሰማ የለም፤ የሚፈታው ግን ጥቂት ነው። በእንተ «ስለ» ነው፤ ስማ «ስሟ»። ለማርያም ላይ ያለው ለ ግን የአማርኛው ለ አይደለም። ግእዝ ዘርፍና ባለቤትን ሲያናብብ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ፣ በንብረቱ ላይ ተውላጠ ስም ቀጥሎ ባለንብረቱን በለ ማምጣት ነው። ቤቱ ለንጉሥ ሲል «የንጉሥ ቤት»፣ ስማ ለማርያም ሲል «የማርያም ስም»። ገና ንባብ ያልጨረሰ ልጅ ምሳውን የሚለምነው በጠራ የግእዝ ሰዋስው ነው። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የሚሰጠው ቁራሽ ነው፤ ቆረሰ ካለው። ስ በአማርኛ ልማድ ወደ ሽ ለስልሷል፣ ከከሰሰ ከሳሽ እንደሚወጣው። የጧቱ ቁርስም የዚያው ግሥ ልጅ ነው፣ እርሱ ግን ስን አልለቀቀም። ቁራሹ ተጠራቅሞ ሲደርቅ ኮቸሮ ይባላል፤ ተማሪው በክፉ ቀን በውኃ እያራሰ ይበላዋል። ከእናቱ ቤት ሲነሣ የያዘው ደግሞ ስንቅ ነበረ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ስንቅ በግእዝም ስንቅ ነው። ብዙ ቃል ሲንከባለል ቅርጹን ሲያጣ ይህ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ደርሷል፤ ዛሬ ሰው ተስፋንም ይሰንቅበታል።

እዚህ ላይ ሲሳይን ማለፍ አይሆንልኝም። ግእዝ ሴሰየ ሲል መገበ ማለቱ ነው፤ ሲሳይ ምግብ፣ የዕለት ጉርስ። አቡነ ዘበሰማያት በግእዝ ሲደገም ሲሳይ ባለበት ቦታ አማርኛው እንጀራን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያዩ። እንጀራ ከምጣዱ ላይ ተነሥቶ ጠቅላላ ኑሮን ተሸከመ፤ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል ማንም ጤፍ አይታየውም፣ «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ስንልም እንደዚያው። ሲሳይ በበኩሉ ሳይታሰብ የተገኘ በረከት ሆነ፣ የወንድ ልጅ ስምም ሆነ። የድሮ ትርጉሙ ሳይነካ የተቀመጠው በአንድ አስፈሪ አነጋገር ውስጥ ነው፦ መንገደኛው በረሓ ቀርቶ «የጅብ ሲሳይ ሆነ»። ይህን ያለ ሰው ሳያውቀው ጥሩ ግእዝ ተናግሯል።

ተማሪው አድጎ ደብተራ ይሆናል። ደብተራ በግእዝ ድንኳን ነው፤ ሙሴ በምድረ በዳ የተከላት ደብተራ ኦሪት ትባላለች። ከዚያ ቃሉ በድንኳኑ ወደሚያገለግለው ሰው ተሻገረ፣ ቤት የሚለው ቃል ቤተሰቡን እንደሚጠራ። ግእዝ ግን ቃሉን ያገኘው ከግሪክ ነው፤ ዲፍቴራ በግሪክኛ የተለፋ ቆዳ ነው፣ ድንኳንም የሚሠራበት፣ የሚጻፍበትም። የዚሁ የግሪክ ቆዳ ሌላው ቅርንጫፍ በምሥራቅ በኩል ዞሮ ዐረብኛ ገባና ደፍተር ተባለ፤ የተጠረዘ መጻፊያ ማለት። ዐረብኛው ለእኛ ሲያውሰን ፈ ወደ በ ተለውጦ ደብተር ሆነ። ሁለቱ ቃላት፣ አንዱ በመቶ ዓመታት ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ በተለያየ መንገድ መጥተው በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ፦ ደብተራው ደብተር ይዟል። ይህ ሰው የሚኖረው በእግሩና በብዕሩ ነበር። እዚህ ዳዊት ይጽፋል፣ እዚያ ልጅ ያስተምራል፣ ወዲያ ክታብ ይደግማል፣ ሥር ይምሳል፤ ማኅሌት ላይ ደግሞ እንግዳ ሆኖ ይቆምና ቅኔ ይሰጠዋል። ለመጻፍ የተለፋ ቆዳ ለሚሸከም ሰው ከቆዳ የወጣ ስም ይስማማዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት፣ ጦርነት፣ በጣሊያን ደሴቶች እስር፣ ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ የዲፕሎማሲ ሥራ፣ ኋላም በለንደን አምባሳደርነት መጣ። አምባሳደር የሚለውን ቃል የፈረንጅ አፍ ከሮማውያን አምባክቱስ አወጣው፤ ሮማውያን ከጎል ሰዎች የተበደሩት ነው፣ ትርጉሙም ጌታው ወዲህ ወዲያ የሚልከው ሎሌ። ግእዝ ለዚሁ ጉዳይ ለአከ የሚል የራሱ ግሥ ነበረው፤ አማርኛው ላከ። ከዚህ ግሥ መልእክትና መልእክተኛ ወጡ፣ ልዑክም ወጣ፤ መልአክም ወጣ፣ የተላከ ነውና። የቢሮው ተላላኪም ከዚሁ ወጣ። ገብርኤልና ተላላኪው በመዝገበ ቃላት አንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ እኔም እዚያ አንድ ላይ ሳገኛቸው ደስ ይለኛል።

የመዝገበ ቃላት ሰዎች ቢሆኑ ቁጭ ብለው አልጻፉትም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ላይ ከሊቁ ኢግናጽዮ ጉይዲ ጋር ሠርተዋል። የእርሳቸውን ጅምር የተረከቡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ለብዙ ዓመታት በኢየሩሳሌም ኖረዋል። ሥራው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ደግሞ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም ነው። ትልቁ የግእዝ መዝገባችን ከስደተኛ ወደ ስደተኛ ሲተላለፍ የኖረ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ግሥ። ነገደ።

በግእዝ ነገደ ሲል ሄደ፣ ተጓዘ፣ ሩቅ አገር ተሳለመ፣ እየዞረ ሸጠ ለወጠ ማለት ነው፤ ሁሉንም። ነጋዲ የሚባለው እንግዲህ መንገደኛም፣ ተሳላሚም፣ ነጋዴም ነው። ከየትኛው እንደሆነ ዐረፍተ ነገሩ ይነግርሃል፤ አንዳንዴም አይነግርህም፣ ምክንያቱም በዚያ ዘመን አንድ ሰው ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሲሄድ በመንገዱ የያዘውን እየሸጠ ይሰነብታል። ንግደት የበዓል ጉዞ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን አፍ ዛሬም አለ። ንግድ ገበያ ወረደ። መሄጃው መንገድ ተባለ፤ መ የቦታና የመሣሪያ ስም ማውጫ ናት። የሚመጣው ሰው በግእዝ ነግድ ነበረ፤ አማርኛ እ ቀጥሎ እንግዳ አደረገው። ነገድንም ከዚሁ ቤት የሚቆጥሩ ሊቃውንት አሉ፤ አብሮ የሚጓዝ ወገን ነው ብለው። መንገድ፣ ንግድ፣ እንግዳ፣ ንግደት፦ አራቱም ሦስት ፊደል ይካፈላሉ። መንገደኛው ማታ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ሲል ይህ ግሥ ሥራ ላይ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የጎጃም ትልቁ የሩቅ ንግድ ገበያ ባሶ ነበረ፤ ከዓባይ ማዶ ከጊቤ አገሮች የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ባሪያም ጭምር በዚያ ያልፍ ነበር። የሰው ልጅ በዕቃ ዋጋ የተሸጠበትን ንግድ ቃሉ ሲያምር ብቻ አይቶ ማለፍ አይገባም። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግላል፤ ብር የሚባለውም በግእዝ ብሩር፣ ነጩ ማዕድን ራሱ ነው። ነጋዴው ብቻውን አይሄድም፤ በቃፍላ ይሄዳል። ቃፍላ ዐረብኛ ነው፣ ግሡም ቀፈለ፣ ተመለሰ። ዐረቡ ገና ሲነሣ የመንገዱን ጓድ «ተመላሽ» ብሎ ሰየመው፣ በሰላም ያግባህ እንደ ማለት። የእኛው ጉዞና ጓዝ ግን ከግእዙ ግዕዘ ናቸው፤ ሰፈር ለቆ ሄደ፣ ድንኳኑን ነቅሎ ተነሣ። የቋንቋችንን ስም ግእዝንም ከዚህ የሚያወጡ ብዙ ናቸው፤ ነጻ ነው፣ እንደ ልቡ ይሄዳል ከሚለው ጋር።

የቃፍላው አለቃ ነጋድራስ ነው፦ ነጋዲ እና ራስ። የግእዙ ነጋዲ እዚህ ውስጥ እንደ ነፍሳት በዕጣን ሙጫ ተጠብቆ ተቀምጧል። ኋላ ማዕረጉ የቀረጥ ሹም ስም ሆነ። ሁለት ትላልቅ ጸሐፊዎቻችን ይህን ስም ይዘው ዐልፈዋል፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በጀርመን አገር የተማሩት፤ እና ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ከጣና ዳር ከዘጌ ወጥተው ኔፕልስ ላይ አማርኛ በማስተማር የኖሩት። አፈወርቅ ልብ ወለዳቸውን ሮም ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ቋንቋውን ስንቅ አድርጎ የወጣ ሰው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገደ የሚለው ግሥ አላረጀም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አማርኛ ለአዲሱ ነገር ሁሉ ስም መፈለግ ነበረበት። መንገዱ ራሱ ተገኘ፣ «አየር መንገድ» ተባለ። ሠራተኛዋስ? አስተናጋጅ። አስተናገደ ማለት እንግዳ ተቀበለ ነው፤ ሥሩ ያው ን-ግ-ድ። ድ በአድራጊ ስም መጨረሻ ጅ መሆኑ የአማርኛ ሕግ ነው፤ ከወሰደ ወሳጅ፣ ከወደደ ወዳጅ። ነጋዴ ግን ከግእዝ እንደመጣ ስለቀረ ድን ይዞ ቆየ። ከብቸና የወጣች ልጅ ደንብ ልብሷን ለብሳ ዛሬ ቤጂንግ ነገ ዋሽንግተን የምታድር ከሆነ፣ ዓለምን እየዞሩ ደመወዝ መብላት ይህ ነው፤ የሥራዋ ስም ደግሞ ከባሶው ሲራራ ነጋዴ ስም ጋር አንድ ሥር አለው።

ደመወዝ ብያለሁ። ደመ ወዝ ነው፤ ደም እና ወዝ፣ በግእዝ ናባቢ ተያይዘው። ወዝ ከሥራ ብዛት በገላ ላይ የሚያብለጨልጨው እርጥበት ነው፤ ወዛም ፊት የምንለው። ቃሉን ያወጣው ሰው ክፍያ የምን ምትክ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከሞጣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ዓባይን መሻገር አለበት። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረና «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ሰባራ በአማርኛ ለጉድለት የተለየ ቅርጽ ነው፦ ጎባጣ፣ ቆማጣ፣ ጠማማ፣ ሰባራ። ለአሥርተ ዓመታት መንገደኛው ክፍተቱን የሚያልፈው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየሳቡት ነበር፤ እግሩ ሥር ዓባይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ስሙ ግን ያው ሰባራ ድልድይ ነው። ሕዝብ የሰየመው ስም በጥገና አይለወጥም።

ወደ ብቸና እንመለስ፣ ወደ መናኸሪያው። ሹፌር የፈረንሳይ ቃል ነው፤ አሙቂ ማለት፣ በእንፋሎት ዘመን እሳቱን የሚቆሰቁሰው። አጠገቡ ያለው ረዳት ግን የእኛ ነው። በሩ ላይ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር!» ይላል፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ማዳበሪያውን ይጭናል፣ ዶሮዋን ከወንበር ሥር ይከታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ግሡ በግእዝ ረድአ፣ አማርኛው ረዳ። ረድእ በግእዝ ደቀ መዝሙር ነው፤ ጌታ ሁለት ሁለት አድርጎ ያለ ኮረጆ በየከተማው የላካቸው ሰባ ሁለቱ አርድእት የዚህ ቃል ብዙ ቁጥር ናቸው። በየከተማው እየዞሩ የሚያገለግሉትን ለመጥራት ከዚህ የሚሻል ቃል አላውቅም፤ ለረዳቱም ይገባዋል።

ስለ ስደት ስናገር ድምፄ ይለወጣል። ሰደደ በግእዝ አባረረ፣ አሳደደ ነው። አማርኛ ግሡን አለዝቦ «ላከ» አደረገው፤ «ልጁን ተማሪ ቤት ሰደደው» ስንል ማንም አልተባረረም። ተሰደደ ግን የግእዙን ቁስል አልሻረም፤ በውስጡ የሚያሳድድ አንድ ያልተጠራ አለ። በጽጌ ወር ማኅሌቱ የእመቤታችንን ስደት ያስባል፤ ያ ስደት የተከበረ ነው። ዛሬ ከብቸናና ከሞጣ ገጠር ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው ልጅ «በኮንትራት ሄደች» ትባላለች። ኮንትራት የተፈረመ ውል ነው፤ ቃሉ እንዳለው ሁሉ ነገሩም በወረቀቱ ልክ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። በመካከል ደላላ አለ። ደላላ ዐረብኛ ነው፣ መንገድ አሳየ፣ መራ ከሚለው ግሥ። አማርኛ ግን ደለለ የሚል ግሥ አለው፤ አባበለ፣ አታለለ። ሁለቱ በጆሮ ተመሳስለው ሲገናኙ ሕዝቡ ደላላ ሲል የትኛውን እንደሚሰማ የተጎዱ እናቶችን መጠየቅ ነው።

የቀረኝ አንድ ግሥ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ግእዙ ኀደረ፤ ኖረ፣ ተቀመጠ፣ ሰፈረ። ማኅደር ማደሪያ ነው፤ ተማሪው በትከሻው የሚያንጠለጥለው የመጽሐፍ መያዣ ቆዳ ማኅደር ይባላል፣ የመጽሐፉ ቤት ነውና። ዛሬ የቢሮና የኮምፒውተር ፋይል ማኅደር ሆኗል። አማርኛ ኀን ጥሎ አደረ ሲል ትርጉሙን ወደ አንድ ሌሊት አሳጠረው፤ «አሳድሩኝ» የሚለው መንገደኛ የሚለምነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ግን አማርኛ ሰፊውን ትርጉም በሌላ በኩል መልሶ አስገባው። «በምን ያድራል?» ስንል በምን ይኖራል ማለታችን ነው። ሌሊቱን ያሳለፈ ኖረ። መተዳደሪያ ከዚሁ ነው፤ አስተዳደርም ከዚሁ፣ ሰዎች እንዲያድሩ ማድረግ። እንዲህ ስለሆነም አማርኛ ሰውን በኑሮው ሲጠራው አደርን ከኋላ ይቀጥላል፦ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ ወዝ አደር። ወታደርም ወጥቶ አደር ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ፣ በመውጣቱ የሚኖር።

በኮምፒውተሩ እየሠራ ከአገር አገር የሚዞረውን ሰው ሰሞኑን «ዲጂታል ዘላን» እያሉ የሚጽፉ አሉ። አልወደድኩትም። ዘላን በአማርኛ ጆሮ የንቀት ቃና አለበት፣ ለዚህም ነው ከብት አርቢውን ራሱን አርብቶ አደር ማለት የጀመርነው። ለአንዱ ያነሣነውን ስድብ ለሌላው ማልበስ ለምን? ሞጣ ተቀምጦ ለሩቅ አገር ቀጣሪ የሚሠራውም ሆነ ላፕቶፑን ይዞ ናይሮቢና ኪጋሊ የሚከርመው፣ ቋንቋው ያዘጋጀለት ቅርጽ አለ፦ ቦዝ አንቀጽ ሲደመር አደር። ዞሮ አደር ልንለው እንችላለን። ብዙው ዞሮ አደሮች፣ ኑሮው ዞሮ አደርነት። አፍ ሲለምደው ደግሞ ኦ በአ ትዋጥና ዞራደር ይሆናል፣ ወጥቶ አደር ወታደር፣ ወዝ አደርም ወዛደር እንደሆኑት።